ልብ መድኃኒቱን ሲለምድ፦ የአድማጮች ጥያቄና የልብ ሐኪሙ መልስ

ስለ ናይትሮግሊሰሪንና መሰሎቹ፣ ማለትም የደም ሥርን አላልተው የደረት ሕመምን ስለሚያስታግሱት ናይትሬት የሚባሉ መድኃኒቶች ባወራን ቁጥር ስልኩ ፋታ አያገኝም። አብዛኛውን ጥያቄ ከዚህ በፊትም መልሼዋለሁ። ደግሜ ብመልሰው አይሰለቸኝም፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ሕመምተኞች መካከል መድኃኒቱን ያለ እረፍት ወስደው ኃይሉን ያሳጡት ጥቂቶች አይደሉምና። የዘወትር ማሳሰቢያዬን ግን ላስቀድም፦ ደረታችሁን ሲይዛችሁ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ክኒኑ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ችግሩ ልቤ ላይ ከሆነ ለምንድን ነው ግራ ክንዴንና መንጋጋዬን የሚያመኝ? ልብ ራሱ አይሰማውም እንዴ?

መልስ፦ ይሰማዋል፤ ግን እንደ ቆዳችን አይደለም። የደም ዝውውርን የገለጸው ዊሊያም ሃርቬይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ወጣት አግኝቶ ነበር። ወጣቱ በልጅነቱ ደረቱ ተጎድቶ ልቡ በቀዳዳው በኩል ይታይ ነበር። ሃርቬይ ልቡን በጣቱ ሲነካው ልጁ ምንም አልተሰማውም። ልብ መነካትን አያውቅም፤ የሚያውቀው የደም እጥረትን ነው። ደም ሲያንሰው ጡንቻው ውስጥ አሲድ፣ አዴኖሲንና ብራዲካይኒን የሚባሉ ነገሮች ይጠራቀማሉ፤ የነርቭ ጫፎቹን የሚቀሰቅሱት እነሱ ናቸው። እነዚህ ነርቮች ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገቡት ከደረትና ከክንድ ከሚመጡት ጋር በአንድ በር ስለሆነ አንጎል ላኪውን ያምታታዋል። ስለዚህ «ያመመኝ ክንዴ ነው፣ ልቤ ደኅና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ስትራመዱ የሚመጣ፣ ስታርፉ የሚተው የክንድ ወይም የመንጋጋ ሕመም ካለ የልብ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱን የጀመርኩ ሰሞን ደረቴ ፍጹም ቀሎኝ ነበር። አሁን እንደ ውኃ ሆነብኝ። የተበላሸ መድኃኒት ሰጥተውኝ ይሆን?

መልስ፦ መድኃኒቱ ላይበላሽ ይችላል፣ እናቴ፤ ሰውነትዎ ለምዶት ይመስለኛል። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። ናይትሮግሊሰሪንን እ.ኤ.አ. በ1847 የሠራው ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ ነው። በ1879 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሙሬል ለደረት ሕመም እንደሚረዳ ጻፈ። በመካከሉ አልፍሬድ ኖቤል ድማሚት ሠርቶበታል። በእነዚያ የፈንጂ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች ሰኞ ዕለት ራሳቸውን ክፉኛ ያማቸው ነበር፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለ ይተዋቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ከፋብሪካው ሲርቁ ልማዱ ይጠፋል፤ ሰኞ ራስ ምታቱ ይመለሳል። ከእነሱ አንዳንዶቹ በእረፍት ቀናቸው ደረታቸውን ይይዛቸው ነበር፤ በልብ ሕመም ድንገት የሞቱም አሉ። ሰውነት ይህን ነገር በቀናት ውስጥ ይለምደዋል፣ በቀናት ውስጥ ይረሳዋል፣ በድንገት ሲቀርበት ደግሞ ይጎዳል። ኖቤል ራሱ በሕይወቱ መጨረሻ ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያዘዙለት ይህንኑ ናይትሮግሊሰሪን ነበር።

ለምን እንደሚለመድ ልንገርዎ። መድኃኒቱ እንደገባ አይሠራም፤ በሴሎቻችን የኃይል ማመንጫ፣ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ለውጦት ነው የናይትሪክ ኦክሳይድን ሥራ የሚሠራው፣ ማለትም የደም ሥርን ጡንቻ የሚያላላው። ያለ እረፍት ሲመጣበት ኢንዛይሙ ይደክማል። በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የተገኘችውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያጠፉ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይበዛሉ። ሰውነትም በበኩሉ ደም ሥር የሚያጠብቡ ሆርሞኖችን ይለቅቃል፤ ውኃና ጨው ይይዛል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የነርቮቹ ጉዳይ ነው። ልብን በሚመግቡት የደም ሥሮች ዙሪያ እንደ ድር የተጠመጠሙ ቀጫጭን የስሜት ነርቮች አሉ። ሰው እነዚህን ሕመም አድራሽ አድርጎ ብቻ ያስባቸዋል። እነሱ ግን ጫፋቸው ላይ መድኃኒት ይዘው ነው የሚኖሩት፤ ሲጂአርፒ የሚባል፣ በጥቂቱ እንኳ የደም ሥርን አጥብቆ የሚያሰፋ ንጥረ ነገር ነው። ደም ሲያንስ ነርቩ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል፤ በዚያው ቅጽበት ሲጂአርፒውን እዚያው ሰፈር ይለቅቃል። ናይትሮግሊሰሪንም ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እነዚህን ነርቮች ቀስቅሶ ሲጂአርፒ ማስለቀቅ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች መድኃኒቱ ያለ እረፍት ሲሰጥ ነርቮቹ የሚለቅቁት ሲጂአርፒ እያነሰ መሄዱ ታይቷል። ደም ሥሩ መድኃኒቱን ለመደው ስንል እንግዲህ ነርቩም አብሮ ደክሟል ማለታችን ነው።

ለእርስዎ የምለው፦ መጠኑን በራስዎ አይጨምሩ፣ በራስዎም አያቁሙ። የሚወስዱበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ መስተካከል ያለበት ሰዓቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከምላስ ሥር የምትደረገዋን ሲያመኝ ብቻ ነው የምወስዳት። እሷም ትለመዳለች?

መልስ፦ ሲያስፈልግ ብቻ ከሆነ አትለመድም፤ አይፍሩ፣ ቁጭ ብለው ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ደረቱ ላይ የሚለጠፈውን መድኃኒት ቀንም ሌሊትም አያነሣውም። «ልቤን ሌሊት ያለ ጠባቂ ልተወው?» ይላል። ሰሞኑን ስለደከመበት ሁለት ሁለት እየለጠፈ ነው። ከጓደኛው ያመጣውን ክኒንም ጨምሮበታል። ደግ አድርጓል?

መልስ፦ ደግ አላደረገም፤ እህቴ። እባክዎ ሬዲዮኑን ከፍ ያድርጉና እሱንም ይጥሩት፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፣ በየሳምንቱም ያሳስበኛል።

ወንድሜ፣ ልብዎን መጠበቅዎ ትክክል ነው። መጠበቂያው ግን ይህ አይደለም። ልጥፉ ሳይነሣ ሃያ አራት ሰዓት ከዋለ መለመድ የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለተኛ ልጥፍ ቢጨምሩበት የደከመው ኢንዛይም አይበረታም፤ የደከመው ነርቭም ሲጂአርፒ አያመርትም። የሚያተርፉት ሲነሡ ማዞር፣ መውደቅ፣ የደም ግፊት መውረድ ነው። ከጓደኛዎ ያመጡት ክኒንም ስሙ ቢለይ አይሶሶርባይድ ከሆነ የዚያው ቤተሰብ አባል ነው፤ አንዱን የለመደ ሰውነት ሌላውንም ይለምደዋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሰውነቱ የለመደ ሰው እውነተኛው ድንገተኛ ሕመም በመጣ ቀን ከምላስ ሥር የሚያደርጋት ክኒንም ኃይሏ ሊቀንስበት ይችላል። ያችን ቀን ነው በየሌሊቱ እያባከኗት ያሉት።

ስለዚህ መድኃኒቱ እረፍት ይፈልጋል። ልጥፉ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓታት ይለጠፋል፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ይነሣል። ብዙ ሰው ሲተኛ ያነሣዋል፣ ጠዋት አዲስ ይለጥፋል። ሕመሙ ሌሊት የሚብስበት ሰው ካለ ሐኪሙ አገላብጦ የእረፍቱን ሰዓት ቀን ላይ ያደርግለታል። በእረፍቱ ሰዓት ደረቱን የሚይዘው ካለም ለዚያ ሰዓት የሚሆን ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፣ ለምሳሌ የአድሬናሊንን ጉትጎታ ከልብ ላይ የሚከለክለው ቤታ ብሎከር። ሌሊቱ ያለ ጠባቂ አይቀርም፤ ጠባቂው ይቀየራል።

ክኒን የምትወስዱትም ስሙኝ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «በቀን ሁለቴ» ሲባል ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ አድርጎ ቀኑን እኩል መክፈል ለብዙ መድኃኒት ትክክል ነው። ለአይሶሶርባይድ ሞኖናይትሬት ግን አይደለም። ተራው ዓይነት ሲታዘዝ ሁለተኛው ክኒን የሚወሰደው ከመጀመሪያው ሰባት ሰዓታት ያህል ቆይቶ ነው፤ ረጅሙ የሌሊት ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ቀስ ብሎ የሚለቅቀው ዓይነት ደግሞ በቀን አንዴ፣ ጠዋት ይወሰዳል። ሰዓቱን እኩል የከፈለ ሰው ሳያውቅ እረፍቱን ሰረዘ ማለት ነው። ፋርማሲ ስትሄዱ «ስንት ጊዜ?» ብቻ አትበሉ፤ «በስንት ሰዓት እና በስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ጉዳይ ልቤን ስለሚነካው ነው የማረዝመው። እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪዎች በውሾች ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አዩ። የልብ የደም ሥር ለአምስት ለአምስት ደቂቃ አራት ጊዜ ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ፣ የሚሞተው የልብ ጡንቻ በድንገት ከተዘጋበት ልብ በእጅጉ ያነሰ ሆነ። ልብ በትንሹ እጥረት ተለማምዶ ለትልቁ ይዘጋጃል ማለት ነው። በኋላ በአይጦች ላይ በተሠሩ ሥራዎች፣ የልብ ምት በማፋጠን ከሚመጣው እንዲህ ያለ ዝግጅት ጀርባ እነዚያው የስሜት ነርቮች እንዳሉበት ታየ፤ ነርቮቹ የቃሪያን ማቃጠል በሚሠራው ካፕሳይሲን የያዙትን አራግፈው ሲደኸዩ ጥበቃውም ጠፋ። በጥንቸሎች ላይ ደግሞ ናይትሮግሊሰሪንን እንዲለምዱ በተደረጉት ይኸው ጥበቃ ጠፋ። እንስሳት ናቸው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የራሱን ልብ በራሱ እጅ ከመጠበቂያው ሊያራቁት የሚፈልግ ሰው ማን ነው?

ወንድሜ፣ የጓደኛዎን ክኒን ይመልሱ። ልጥፎቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ነቅለው እንዳይጥሉ ደግሞ አደራ፤ የፋብሪካዎቹን ሠራተኞች የጎዳቸው ድንገት መቅረቱ ነበር። ዛሬ ለሐኪምዎ ደውለው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩት። ቁጣ ቢደርስብዎ ከሐኪም ነው፤ ይታገሡት።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ራሴን ያመኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ። ራስ ምታቱ ሲጠፋ መድኃኒቱ መሥራት አቆመ ማለት ነው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ራስ ምታቱን ሲፈራ ክኒኑን እየዘለለ ይወስዳል።

መልስ፦ ራስ ምታቱ የሚመጣው በራስ ቅል ውስጥ ያሉ የደም ሥሮችና ነርቮችም መድኃኒቱን ስለሚሰሙ ነው፤ እዚያም ሲጂአርፒ አለበት። ለማይግሬን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የወጡት አዳዲስ መርፌዎች የሚዘጉት ይህንኑ ሲጂአርፒ ወይም ሴሎች ላይ ሆኖ የሚቀበለውን ተቀባዩን ነው። ራስ ምታቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እየቀነሰ መሄዱ የተለመደ ነው። ደረትዎ ደኅና ከሆነና የእረፍቱን ሰዓት እየጠበቁ ከሆነ አይጨነቁ። ራስ ምታቱ ጠፍቶ የደረት ሕመሙ ከተመለሰ ግን ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ምልክት ነው፤ ለሐኪምዎ ይንገሩት። ጓደኛዎም ክኒኑን መዝለሉን ይተው፤ ለራስ ምታቱ ሐኪሙን ጠይቆ ፓራሲታሞል መውሰድ ይችላል። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹን የሕመም ማስታገሻዎች የልብ ሕመምተኛ ከመደርደሪያ አንሥቶ አይውሰዳቸው፤ የልብን አደጋ ይጨምራሉ።

ጥያቄ፦ የቃሪያ ማቃጠል የልብን ነርቭ ያበረታል የሚል ነገር ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወሬው ከእውነት ጥግ የተነሣ ነው። የቃሪያን ማቃጠል የሚሠራው ካፕሳይሲን የሚቀሰቅሰው በምላስም፣ በቆዳም፣ በልብ ዙሪያም የሚገኙ አንድ ዓይነት የስሜት ነርቮችን ነው። ካፕሳይሲንን የሚቀበለውን የነርቭ ተቀባይ ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 አገኙት፤ ጁሊየስ በዚህ ሥራ በ2021 የኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። ካፕሳይሲን በትንሹ ነርቩን ይቀሰቅሳል፤ በብዙ ሲሰጥ ደግሞ ነርቩ የያዘውን ሁሉ አራግፎ ይደክማል። ቅድም የነገርኳችሁ አይጦች ነርቮቻቸው የደኸዩት በዚሁ ነው። በአፍ የሚበላ ቃሪያ ግን መጠኑ የታወቀ የልብ ሕክምና አይደለም። የሚወዱ ከሆነ ሆድዎ እስከፈቀደ ይብሉ፤ መድኃኒትዎን አይተኩበት።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት። በቅርቡ ልቧ ተመርምሮ «ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባታል» አሉን። እሷ ግን አንድ ቀን ደረቷን አሟት አያውቅም። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ልጄ። ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ እንደሚያደነዝዝ ሁሉ የልብንም ነርቭ ያደነዝዛል። ልብ ደም ይጠማል፣ ጩኸቱ ግን አይደርስም። አሁን ደግሞ ቅድም ያልኩትን ያስታውሱ፤ እነዚያ ነርቮች ከጩኸቱ ጋር እርዳታም ይዘው ነበር። እናትዎ ማስጠንቀቂያውንም፣ ከእርዳታውም አንዱን ክፍል አጥተዋል ማለት ነው።

ስለዚህ በስኳር ሕመምተኛ ላይ የደረት ሕመምን ብቻ አትጠብቁ። ደረጃ ሲወጡ ከወትሮው የበዛ የትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ምክንያት መድከም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ «ስኳሯ ወርዶ ነው» ብላችሁ ለክታችሁ ብቻ አትቀመጡ፤ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። መድኃኒታቸውንም «ምንም አያማቸውም» ብላችሁ አትቀንሱ። በእሳቸው ላይ ሕመም አለመኖሩ የጤና ምስክር አይደለም። የልብ ክትትላቸው በቀጠሮ ይሁን።

ጥያቄ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ናይትሬት የሚወስድ ሰው ለወንድነት የሚረዱትን ክኒኖች መውሰድ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም፤ ወንድሜ። ሲልደናፊል ከወሰዱ በኋላ ለ24 ሰዓታት፣ ታዳላፊል ከሆነ ለ48 ሰዓታት ናይትሬት ፈጽሞ መውሰድ የለብዎትም። ናይትሬትን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ደግሞ እነዚህን ክኒኖች አይነካቸውም። የደም ግፊት እስከ ሞት ሊወርድ ይችላል። ድንገት ታመው ሐኪም ቤት ከደረሱ «ወስጄያለሁ» ብለው ለመናገር አይፈሩ፤ የሚያክምዎት ሰው ይህን ካላወቀ በቅን ልቡ ሊጎዳዎት ይችላል። ይህን ጥያቄ በዝግታ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ሌላ መፍትሔ ስለሚኖር ከልብ ሐኪምዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ እረፍት ጥሩ ከሆነ ቤታ ብሎከሬንም ቅዳሜና እሑድ ባሳርፈውስ?

መልስ፦ እንዳያደርጉት! ይህን ጥያቄ ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል፤ የምናገረው ነገር እንዲህ ተዛብቶ እንዳይሰማ ሁልጊዜ እሰጋለሁ። እረፍት የሚያስፈልገው ለናይትሬት ነው። ቤታ ብሎከርን ሰውነት የሚላመደው በሌላ መንገድ ነው፤ የአድሬናሊን ተቀባዮቹ ተሸፍነው ስለሚኖሩ ልብ ቁጥራቸውን ያበዛል። መድኃኒቱ ድንገት ሲቀር እነዚያ ሁሉ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ፤ ልብ ይጋልባል፣ ደረት ይያዛል፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምም ሊከተል ይችላል። የሚቆም ከሆነ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። በራስዎ አይጨምሩ፣ በራስዎም አያቁሙ፤ ይህን አባባሌን ጽፋችሁ የመድኃኒት ሣጥናችሁ ላይ ለጥፉት።

ጥያቄ፦ ከምላስ ሥር የምትደረገዋን ክኒን በኪሴ በወረቀት ጠቅልዬ ብይዛት?

መልስ፦ አይሆንም፤ ትተንና ኃይሏ ይጠፋል። በመጣችበት የመስታወት ብልቃጥ፣ ክዳኗ ጠብቆ፣ ከሙቀት ርቃ ትቀመጥ።

ጥያቄ፦ ልብ የተተከለለት ሰው የደረት ሕመም ይሰማዋል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይሰማውም፤ ልቡ ሲወጣ ነርቮቹ ተቆርጠዋል። ከዓመታት በኋላ በአንዳንዶች ላይ በከፊል መልሰው ያድጋሉ። ለዚህ ነው የተተከለላቸው ሰዎች ሳያማቸውም በየጊዜው የሚመረመሩት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ ደረቴን ጨምቆ ይዞኛል፣ ላብ ላብ ይለኛል። ከምላስ ሥር ያለችውን ሁለቴ ወስጄ አልተወኝም። ሦስተኛዋን ልውሰድና ልተኛ?

መልስ፦ አይተኙ። አሁን ቁጭ ይበሉ። ከአንዷ ክኒን በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎት ጠብቆ ማየት የለም፤ እርስዎ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ነው። መኪና አይንዱ፣ በእግርም አይሂዱ። አጠገብዎ ያለው ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ በሩ ክፍት ይሁን፣ መድኃኒቶችዎ በሙሉ በአንድ ከረጢት ይግቡ። እኔ በስልክ ልረዳዎት የምችለው እዚህ ድረስ ነው፤ ስልኩን ዝጉና ይደውሉ።